ከመርሳት ቀድሞ የሚመጣ ጥርጣሬ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ሮማ የመጡ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶች በጣሊያኖች ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ዕረፍታቸው ስለነበር በኤስኲሊኖ፣ በተርሚኒ ጣቢያ ዙሪያ ይገናኙ ነበር። አረጋዊ የሚጦር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሐዘን አለ። ለዓመታት እንደ ልጅ ያቀረቧት ሲኞራ አንድ ቀን «ቀለበቴን ሰረቅሽኝ» ይሏታል። ቀለበቱም በኋላ ከስኳር ዕቃው ውስጥ ይገኛል።

ይህ ነገር የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1901 አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ሐኪሟ አሎይስ አልዛይመር በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ በመጀመሪያ የታየባት ምልክት በባሏ ላይ መቅናት ነበር። መርሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በገዛ ቤቷ ውስጥ መንገድ ጠፋት፤ ዕቃ ከወዲያ ወዲህ እያዛወረች ትደብቅ ጀመር። በ1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ የሞቱ ሕዋሳትና የተተበተበ ክር መሰል ነገር አገኘበት።

በዚህ ሥራ ጣሊያንም ድርሻ አላት። የኡዲኔ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ጋኤታኖ ፔሩሲኒ ከአልዛይመር ጋር እየሠራ የአውጉስተን ጨምሮ የአራት ሕሙማንን ታሪክና አንጎል አጥንቶ አሳተመ። በ1910 ኤሚል ክሬፔሊን በሽታውን በአልዛይመር ስም ሰየመው። ፔሩሲኒ በ1915 በጦርነቱ ሕይወቱ አለፈ።

ዛሬ እንደሚታወቀው በአንጎል ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የቅርቡን መርሳት ቢሆንም፣ ጥርጣሬ፣ ቁጡነትና ግዴለሽነት አብረው ወይም ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ። ሲኞራዋ ቀለበቱን ራሳቸው አስቀምጠው ይረሱታል፤ አእምሯቸውም ክፍተቱን «ተሰረቀ» በሚል ይሞላዋል።

እኛ «ጃጁ» እንላለን፤ ጣሊያኖች ደግሞ ለብዙ ዘመን «አርቴሪዮስክለሮሲ» ሲሉ ኖረዋል። ሁለቱም ቃላት ነገሩን የዕድሜ ጉዳይ አድርገው ይዘጉታል። ነገር ግን የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድብርት ይህንኑ ሊመስል ይችላል፤ እነዚህም ይታከማሉ። ስለዚህ ሠራተኛዋ ከሲኞራዋ ጋር ከመከራከር ዕቃውን አብራ ብትፈልግ፣ ለውጡንም ከነቀኑ ጽፋ ለልጆቻቸው ቶሎ ብትነግር ለእርሳቸውም ለራሷም ስም ይበጃል።

ያን ጊዜ በተርሚኒ ይገናኙ የነበሩት እህቶቻችን ዛሬ ራሳቸው አርጅተዋል። በኋላ የተማሩት ጣሊያንኛ ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቀድሞ ሊጠፋባቸው ይችላል። ስለሆነም ለውጡን ከሐኪሙ በፊት የሚያየው አብሯቸው ቡና የሚጠጣ ሰው ነው።