የወንዝ ውሃ ባህር ውስጥ ገብቶ በምን ይታወቃል? ከላህና ከፈጣም እስከ ሜዲትራኒያን

ክረምት ላይ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለው ላህ፣ ቡሬ በኩል ደግሞ ፈጣም ቀይ ጭቃ መስለው ሲሞሉ አይታችኋል። የሁለቱም መጨረሻ ዓባይ ነው፤ ላህ የሚገባው በብር ወንዝ በኩል ነው። ሰከላ ላይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ግን ጣናን ዞሮ ይቀላቀላል። ከዚያ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ከግድቦቹ የተረፈው ደግሞ ሜዲትራኒያን።

ባህር ከገባ በኋላስ የት እንደደረሰ በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ፍሎረሰንስ ነው። አንድ ነገር የተቀበለውን ብርሃን ቀለሙን ቀይሮ መልሶ ሲያወጣ ማለት ነው። ሱቆች ሐሰተኛ ገንዘብ የሚለዩበትን ሐምራዊ መብራት ታውቁታላችሁ አይደል? በኦሞ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ እሱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃ ውስጥ በዋናነት ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ከአፈርና ከበሰበሰ ቅጠል ታጥቦ የሚሟሟው ነው፤ ሻይ ቅጠል የፈላ ውሃን እንደሚያቀልመው ማለት ነው። አልትራቫዮሌት ሲበራበት ሰማያዊ ያወጣል። ባህር ዳርቻ ላይ ይሄ ከበዛ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው አልጌ ነው። በውስጡ ያለው ክሎሮፊል ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ 685 ናኖሜትር አካባቢ ቀይ ያወጣል። መለኪያው ፍሎሮሜትር ይባላል፤ በእጅ የሚያዝም፣ መርከብ ላይ የሚገጠምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የመጠቀው የአሜሪካው አኳ ሳተላይት ደግሞ ፀሐይን እንደ መብራት ተጠቅሞ ቀዩን ብርሃን ከህዋ ይለካል።

መሞከር ትችላላችሁ። ጎመን ቀጥቅጣችሁ በፋርማሲ አልኮል ዘፍዝፉ (አረቄ ይቅርባችሁ፣ ደከም ይላል)፤ አጥልሉትና ጨለማ ቤት ውስጥ ሐምራዊውን መብራት አብሩበት። አረንጓዴው ፈሳሽ ቀይ ሆኖ ያበራል። እሳት አጠገብ ግን አይሆንም።

መሣሪያው ይሳሳታል። ጠራራ ፀሐይ ላይ አልጌ ራሱን ለመከላከል ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ስለዚህ የቀን ንባብ ከሌሊቱ ያንሳል። ጭቃም ይጋርደዋል። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ብቻ ማመን አይቻልም፤ ውሃው ተቀድቶ ላብራቶሪ መግባት አለበት።

ነገሩ ለምን ያስፈልጋል? ድሮ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የዓባይ ጎርፍ ሜዲትራኒያን ሲደርስ አልጌው ይፈላ ነበር፤ ሰርዲን የተባለው ዓሣም እሱን ተከትሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ታላቁ ግድብ ውሃ መያዝ ሲጀምር ያ ቀረ። በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የግብፅ ሰርዲን በ1968 ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው ሲያገግም ተመራማሪዎች የጠቆሙት ማዳበሪያንና የከተማ ፍሳሽን ነው፤ ማለትም አልጌው ያው አልጌ፣ ምግቡ ግን ሌላ።

ቀዩ ብርሃን ይህን አይለይም። ፍሳሽ ግን የራሱ ፍሎረሰንስ አለው፤ ከትሪፕቶፋን ጋር የሚመሳሰል። ዛምቢያ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ በሰገራ መበከሉን ለመጠርጠር ተሞክሯል። የባክቴሪያ ምርመራ አንድ ቀን ገደማ ሲፈጅ ይሄ እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ወዲያው ያነባል።