አሞሌ፣ እንቅርትና አዮዲን

በኢትዮጵያ የገበያ ታሪክ ውስጥ የአሞሌን ያህል ወጥ ማጣፈጫም መገበያያም ሆኖ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። አሞሌ በደናክል ረባዳ ምድር ከሚገኘው የጨው ሜዳ እየተፈለጠ በጡብ መልክ የሚጠረብ ጨው ሲሆን፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ትግራይ ከፍታ ከወጣ በኋላ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሻገረ እስከ ጎጃምና ሸዋ፣ ከዚያም ወዲያ ይደርስ ነበር፤ ከሜዳው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይንር ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲሽኮ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብ ፈንታ ሲሠራበት ጽፏል፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር ከገባ በኋላም አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ የብሩ ዝርዝር ሆኖ ቆይቷል። ይህን ያህል የተከበረው ጨው ግን የሚበላውን ሰው አንገትና አእምሮ ከጉዳት ከሚጠብቀው ንጥረ ነገር፣ ከአዮዲን፣ ከቁጥር የሚገባ መጠን አልነበረውም።

አዮዲን በጉሮሮ ፊት ለፊት የሚገኘው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ሆርሞን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሆርሞኑም የሰውነትን ዕድገት፣ ሙቀትና የአእምሮን ሥራ የሚቆጣጠር መልእክተኛ ነው። ለአንድ ወጣት በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ 150 እጅ ብቻ ቢሆንም፣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ዝናብና ጎርፍ ያጠበው የደጋ አፈር ይህን ያህሉን እንኳ ለእህሉ አያቀብልም። ዕጢው ያጣውን ለማካካስ ሲታገል ያብጣል፤ እብጠቱም እንቅርት ይባላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት፣ ማለትም በአንድ መከራ ላይ ሌላ መደረቡን የሚገልጸው አነጋገር፣ ሕመሙ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ከማንኛውም መዝገብ በላይ ይመሰክራል። ተረቱ ያላየው ነገር ቢኖር አንገት ላይ ከሚታየው ጀርባ የተደበቀው ጉዳት ነው፤ የአዮዲን እጥረት በፅንስነት ሲያጋጥም አእምሮን ለዘለቄታው ይጎዳል፣ በጉርምስና ሲያጋጥም ደግሞ ድካምንና የሐሳብ መዘግየትን ያመጣል። በአልባኒያ እጥረቱ ለነበረባቸው ከ10 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች አዮዲን ያለበት ዘይት ተሰጥቶ በተደረገ ጥናት፣ ልጆቹ በአእምሮ ፈተናዎች ካልወሰዱት የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸው ታይቷል፤ ይህም ሰነፍ የተባለ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ እንዳልነበረ ያስጠረጥራል።

አዮዲን የተገኘው በ1811 (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው በርናር ኩርቷ ከባሕር አረም አመድ ባወጣው ጊዜ ሲሆን፣ በታይሮይድ ውስጥ መኖሩ የታወቀው ግን በ1895 ነው። ወጣቶችን ማዕከል ያደረገው ወሳኝ ሙከራ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ፣ ከ1917 ጀምሮ በተማሪ ልጃገረዶች ላይ ተካሄደ፤ ልጃገረዶቹ የተመረጡት እንቅርት በሴቶች ላይ፣ ይልቁንም በጉርምስና፣ ስለሚበረታ ነው። አዮዲን ከወሰዱት 2190 ልጃገረዶች 5 ብቻ እንቅርት ሲወጣባቸው፣ ካልወሰዱት 2305 ውስጥ 495 ላይ ወጣ። ስዊዘርላንድ በ1922 አዮዲን ያለውን ጨው ለገበያ አቀረበች።

በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች በየክፍለ ሀገሩ ሲመረምሩ፣ ከተማሪዎቹ 30 ከመቶ ገደማ እንቅርት እንዳለባቸው አገኙ። መፍትሔው ቀድሞ የታወቀ ነበርና በአሰብና በምጽዋ የሚመረተው ጨው ወደ መሐል አገር ከመላኩ በፊት አዮዲን ይጨመርበት ጀመር። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፤ የባሕር ጨው በተፈጥሮው ከአሞሌ እምብዛም የተሻለ አይደለም፣ ልዩነቱን የፈጠረው በወደቦቹ የነበረው የመጨመሪያ ሥራ ነው። በ1998 ወደቦቹ ከሚገኙባት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ጨው የሚመጣበት መንገድ ተዘጋ፤ አገሪቱ ወደ አፋር አፍዴራ ሐይቅ ዞረች፣ ይሁን እንጂ ጨዋማውን ውኃ በየገንዳው አፍስሶ በፀሐይ የሚያደርቀው አምራች ከብዛቱ የተነሣ አዮዲን ለመጨመር አልተደራጀም ነበር። በ2011 በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ በ2016ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 89 ከመቶ ወጣ።

የቁጥሩ ዕድገት ግን የመጠኑን ነገር አይናገርም። በአፍዴራ ፖታሲየም አዮዴት የተባለው፣ ከሌላው የአዮዲን ዓይነት ይልቅ ሙቀትና እርጥበት የሚችለው ውህድ፣ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የተጨመረው ሰዎች በጀርባቸው በሚሸከሙት መርጫ በጨው ክምር ላይ እየተረጨ ነው፤ በዚህ አሠራር ከክምሩ ላይ የተሞላው ጆንያ ከበቂ በላይ፣ ከሥር የተዛቀው ደግሞ ከሚፈለገው በታች አዮዲን ይዞ ወደ አንድ ገበያ ሊወጣ ይችላል።