ቀድሞ የሆነና ቀድሞ የደረሰ

በወረቀት ካርድ ዘመን ቅደም ተከተል የሚጠብቅልን ካርዱ ራሱ ነበር። ላቦራቶሪ ያለ ካርድ ፋርማሲ የለም፤ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይዛባም። ኮምፒውተር ሲገባ ግን የላቦራቶሪው፣ የራጁና የመድኃኒቱ ትእዛዝ በአንዴ ይሄዳል፣ መልሱ በፈለገው ሰዓት ይመጣል።

ችግሩን አጥርቶ ያስቀመጠው ሌስሊ ላምፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የተራራቁ ማሽኖች ሰዓት ፍጹም እኩል ስለማይሆን የቱ እንደቀደመ ለማወቅ ሰዓት ማየት ብቻ አይበቃም አለ። መልእክት ሳይላክ አይደርስም፤ ተራውን የሚወስነው ይህ ዝምድና ነው። (የእኛ 2 ሰዓትና የፈረንጅ 8 ሰዓት አንድ መዝገብ ላይ ሲደባለቁ ያየ ሐኪም ይሄ አይከብደውም።)

ፖታሲየሙ የወረደ በሽተኛ እንውሰድ። 3 ሰዓት ላይ ለድጋሚ ምርመራ ደም ተቀዳ፣ 4 ሰዓት ላይ ፖታሲየም ተጀመረለት፣ 5 ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ፦ ዝቅተኛ። ኮምፒውተሩ በደረሰበት ሰዓት ከደረደረው መድኃኒቱ ያልሠራ ይመስላል። ተረኛው ሐኪም መጠኑን ይጨምራል። ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ ልብ ያቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ራያን ዳል ያወጣው ኖድ ጄኤስ ሰርቨሩን እንደ አንድ ተረኛ ነርስ አደረገው፤ ናሙናውን ይልካል፣ ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆሞ አይጠብቅም፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ተራ የመጠበቁ ጣጣ ግን ለፕሮግራመሩ ተረፈ። ባርባራ ሊስኮቭና ሊዩባ ሽሪራ በ1988 የጻፉበት «ፕሮሚስ»፣ ማለትም ገና ላልመጣ መልስ የተያዘ ቦታ፣ በ2015 የጃቫስክሪፕት መደበኛ አካል ሆነ፤ «አሲንክ አዌይት» በ2017 ተከተለ። እኔን የገረመኝ «ፕሮሚስ ኦል» ነው። ብዙ ሥራ በአንዴ ለቆ መልሶቹን የሚያስረክበው በተጠየቁበት ተራ እንጂ በደረሱበት አይደለም።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚሠሩበት፣ በኮምኬር ላይ የተገነባው የኤሌክትሮኒክ የማህበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም ከዚሁ ጣጣ አያመልጥም። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መዝገቡ ታብሌቱ ውስጥ ይቆያል፤ ሰኞ የተከተበ ሕፃን ለሰርቨሩ የሐሙስ ዜና ነው።

እንግዲህ ሀዋሳ ባህል አዳራሽ ስንሰባሰብ ሶፍትዌር የምትሠሩትን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ናሙናው የተቀዳበትና ውጤቱ የደረሰበት ሰዓት ለየብቻ ይመዝገቡ፤ ሐኪሙ ስክሪን ላይ ውጤቶቹ የሚደረደሩት ግን በተቀዳበት ሰዓት ይሁን።