በሕመምተኛ ፈንታ ስለ ተተካው አሻንጉሊት

የነርስነት ትምህርት የሚማር ተማሪ የመጀመሪያውን መርፌ በማን ክንድ ላይ ይወጋል? የጥንት ሐኪም ቤቶች ይህን ጥያቄ እምብዛም አይጠይቁትም ነበር፤ ተማሪው እጁን የሚያፍታታው ብዙውን ጊዜ ጠያቂ ዘመድ በሌለው ድኻ ሕመምተኛ ላይ ነበርና። የአሻንጉሊቱ ታሪክ ይህ ዕዳ ከሕያው ሰው ገላ ላይ እንዴት እንደ ተነሣ የሚያስረዳ ነው።

ብዙ ሰዎች ይህ መሣሪያ ለታላላቅ ከተሞች ሆስፒታሎች የተፈለሰፈ ይመስላቸዋል። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1759 ዓ.ም. (የውጭውን አገር ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋለን) የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ፣ ማዳም ዱ ኩድሬ ለተባለችው አዋላጅ በየአውራጃው እየዞረች የገጠር ሴቶችን የማዋለድ ጥበብ እንድታስተምር ፈቀደላት። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ማንበብ አያውቁም ነበርና ከጨርቅና ከቆዳ የወላድን ገላና ሕፃን አስመስላ ሠርታ፣ ሕፃኑ በእግሩ ወይም በክንዱ ቢመጣ እጅ ምን ሊያደርግ እንደሚገባው በዚያ ላይ ታሳያቸው ነበር። ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ዞራለች፤ ከሥራዎቿም አንዱ ዛሬ በሩዋን ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከዚህ በኋላ በ1911 ዓ.ም. በአሜሪካ የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ ገለባ በተጠቀጠቀ ምስል ፈንታ በሙሉ ሰው ልክ የተሠራች «ወይዘሮ ቼዝ» መጣች። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌጃዊው አስሙንድ ሌርዳል ትንፋሹ ለተቋረጠ ሰው እስትንፋስ መስጠትን የምታስተምረውን አን የተባለችውን አሻንጉሊት አወጣ። ማርታ ቼዝም ሌርዳልም አስቀድመው የልጆች መጫወቻ ሠሪዎች እንደ ነበሩ ስናስብ ፈገግ እንላለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ለገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ። በወላይታም በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሶዶው ዩኒቨርሲቲ ነርሶችንና አዋላጆችን ያስተምራል። እነዚህ ተመራቂዎች ቦምቤን ወደ መሰለ የወረዳ ከተማ ሲመደቡ፣ ሌሊት ብቻቸውን ሆነው የማይተነፍስ ሕፃን ሊቀበሉ ይችላሉ። በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት ትንፋሽ ለመስጠት ያላቸው ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። በዚያች ደቂቃ ትምህርት አይጀመርም።

ለዚህ ሲባል በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአራስ ልጅ አሻንጉሊት ውሃ ሲሞላ እንደ እውነተኛ ሕፃን ይከብዳል፤ አስተማሪው የላስቲኩን ኳስ ሲጨምቅም ያለቅሳል፣ እትብቱም ይመታል። ማዳም ዱ ኩድሬ ያሰበችላቸው የገጠር እናቶች እንደ ገና ታሰቡ ማለት ነው።

እርግጥ አሻንጉሊት ወላይትኛ አይናገርም፤ ምጥ ያስጨነቃትን ሴት በቋንቋዋ ማጽናናት ከእርሱ አይገኝም፤ ይህ ከአልጋው አጠገብ የሚለመድ ነው። ይልቅስ የሚያሳስበን፣ ዕቃው ውድ ነው እየተባለ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቈልፎ ለጉብኝት ቀን ብቻ የሚወጣበት ልማድ ነው። እጅ ካልደጋገመው ሥልጠናው በጥቂት ወራት ውስጥ ይረሳል። ስለዚህ አሻንጉሊቱ በሶዶ መማሪያ ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ በቦምቤም አዋላጇ ተረኛ ሆና በምታድርበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል እንላለን።