ባለ ጎማ የፓራግላይዲንግ ወንበር

በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም ሞተር በሌለውና አየር እየሞላ በሚወጠር የጨርቅ ክንፍ ከኮረብታ ተነሥቶ በመብረር ስፖርት፣ አብራሪው የሚነሣው ክንፉ እስኪሸከመው ቁልቁል በመሮጥ ስለሆነ፣ መራመድ የማይችሉ ሰዎችን ከስፖርቱ ያራቃቸው መሬት ላይ ያለው ጥቂት እርምጃ እንጂ በረራው ራሱ አልነበረም፤ አየር ላይማ ሁሉም ተቀምጦ ነው የሚበረው። ከቀላል የብረት ቱቦ የተሠራው ይህ ወንበር የእግርን ሥራ ለጎማዎች ያስተላልፋል፤ ረዳቶች ሲገፉት ክንፉ ከኋላ ተነሥቶ ከራስ በላይ ይቆማል፣ ወንበሩም በካራቢነር፣ ማለትም በሚቆለፍ የብረት ማያያዣ፣ ከክንፉ ማንጠልጠያ ጋር እንደተያያዘ ከመሬት ይላቀቃል።

ከመርገጫው በላይ ያለው የእግር ማሰሪያ ተራ ጠፍር ቢመስልም ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው እሱ ነው፤ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው እግሩ ተንሸራቶ ከጎማው ሥር ቢገባ ሕመሙ ላይሰማው ይችላልና። የመቀመጫው ወፍራም ስፖንጅም፣ ሳይታወቅ የሚደርስን የቆዳ ቁስል ለመከላከልና በማረፊያ ጊዜ የሚፈጠረውን ግጭት ለማብረድ የተደረገ ነው።

እንዲህ ዓይነት በረራ ከሚካሄድባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው ፖይንት ኦፍ ዘ ማውንቴን ሲሆን፣ ሸንተረሩ ጠዋት በደቡብ፣ ወደ ማታ ደግሞ በሰሜን ገጹ የሚቀበለው ነፋስ ለስላሳና የማይዋዥቅ ነው።