ቃል የመስጠት መብት እንዴት ተገኘ?

1977 ዓ.ም. ሲባል የሁላችንም ልብ ወደ ረሃቡ ይሄዳል። በዚያው ዓመት መጋቢት 26 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 4 ቀን 1985፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው አንድ ፍርድ ግን በመካከላችን እምብዛም አይነሳም። ይሁንና ከዚያ ወዲህ እዚህ ቶሮንቶ ጥገኝነት ጠይቆ፣ በሚወስንለት ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ቃሉን የሰጠ ወገን ሁሉ የዚህ ፍርድ ተጠቃሚ ነው።

ቀድሞ የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር። በ1978 ሥራ ላይ በዋለው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ስደተኛው በአንድ የኢሚግሬሽን ሹም ፊት በመሐላ ይጠየቃል። ቃሉ ተጽፎ ኦታዋ ላለ አማካሪ ኮሚቴ ይላካል። ኮሚቴው ሐሳቡን ያቀርባል፣ ሚኒስትሩ ይወስናል። ፊቱን ያየው፣ ድምፁን የሰማው አንዱም ወሳኝ የለም። ውድቅ ሲሆንም የይግባኙ ቦርድ ወረቀቱን አይቶ ጉዳዩ አያዋጣም ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል። በተጠየቅ ሙግት ፊት ለፊት ቆመው ይከራከሩ የነበሩ አባቶቻችን ይህን ቢሰሙ በተገረሙ ነበር።

ይህን አሠራር የተቃወሙት ሰባት ስደተኞች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከህንድ የመጡ የሲክ እምነት ተከታዮች ነበሩ። ጉዳዩም የሲንግ ጉዳይ ተብሎ ይጠራል። መንግሥት እነዚህ ሰዎች በአገሩ የመቆየት መብት ስለሌላቸው በ1982 የጸደቀው የመብቶች ቻርተር አይመለከታቸውም ሲል ተከራከረ። ፍርዱን የሰጡት ስድስቱም ዳኞች ለስደተኞቹ ፈረዱ፤ ሦስቱ በቻርተሩ፣ ሦስቱ ደግሞ በ1960ው የመብቶች ሕግ ተመርኩዘው። በፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ በርታ ዊልሰን፣ ቻርተሩ «ማንኛውም ሰው» ሲል በካናዳ ምድር ላይ ያለውን ሁሉ ማለቱ እንደሆነ፣ የሰው ቃል መታመን አለመታመኑ ሲያከራክርም ሰውየው በአካል ቀርቦ መደመጥ እንዳለበት ጻፉ። ወጪ ይበዛል የሚለውንም ምክንያት አልተቀበሉትም።

በዚህ መነሻነት የኢሚግሬሽንና ስደተኞች ቦርድ በጃንዋሪ 1989 ሥራ ጀመረ። ጥያቄው የጸደቀለት ሰውም ለቋሚ ነዋሪነት ማመልከት ይችላል።

መደመጡ በተለይ ለእኛ ምን ይጠቅማል? አንድ ወገን «መስከረም 1970 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወሰዱኝ» ቢል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1977፣ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ወረቀት ላይ ብቻ ሲነበብ ውሸት ይመስላል። ፊት ለፊት ግን አንድ ጥያቄ ነገሩን ያጠራዋል።

ታክሲ ስነዳም ሆነ ቡና ላይ ስቀመጥ ደጋግሜ የምሰማው ምክር ግን ያሳዝነኛል። «እገሌን ያሳለፈውን ታሪክ ያዝ» ይባላል። ሰባቱ ስደተኞች ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱት የየራሳቸውን ቃል ለማሰማት ነበር። የተዋሰ ታሪክ ይዞ የሚቀርብ ሰው ይህን መብት በገዛ እጁ ይጥለዋል፤ ጠያቂው ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ደግሞ እውነተኛው በደሉም አብሮ ሳይታመን ይቀራል።

በሩም ለሁሉ ክፍት አይደለም። ከአሜሪካ ጋር የተደረገውና በዲሴምበር 2004 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት በየብስ የሚመጡትን ብዙዎች ይመልሳል፤ በማርች 2023 ደግሞ በድንበሩ ሁሉ ላይ ጸንቷል። ስለዚህ ዕድሉ የደረሰው ሰው ሊጠቀምበት ይገባል። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ቦርዱ ያለ ክፍያ የሚያቀርበውን አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ትርጉሙ ሲዛባም እዚያው ይናገር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!