ከርቀት ለሚተዳደር የድረ ገጽ ሰርቨር ደህንነቱ የተጠበቀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አመራረጥ

በርካታ ድርጅቶች፣ ማኅበራትና ግለሰቦች ድረ ገጻቸውን የሚያኖሩት በኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። ማሽኑ በአካል በቅርብ ስለማይገኝ ተከላውም ጥገናውም የሚከናወነው በኔትወርክ በኩል ነው። ባለቤቱ የሚገባበት በር ለአጥቂም ሊከፈት ስለሚችል፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ምርጫ የደንበኞችን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የክፍያ መረጃ ከመጠበቅ ተለይቶ አይታይም። ተገልጋዮች ከመወሰናቸው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲያጤኑ ይመከራል።

1. የድጋፍ ዘመን

በቅድሚያ የሚጣራው የደህንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ ነው። የዴቢያን የተረጋጋ እትም ከተራዘመው ድጋፍ ጋር 5 ዓመት ያህል ይደገፋል። የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እትም በየ2 ዓመቱ የሚወጣ ሲሆን፣ መደበኛ ድጋፉ 5 ዓመት ነው። ኦፕንቢኤስዲ ኮዱ በጥብቅ በመመርመሩ የሚታወቅ ቢሆንም፣ አንድ እትም የሚደገፈው ለ1 ዓመት ያህል ብቻ በመሆኑ ተከታታይ ክትትል ይጠይቃል። የድጋፍ ዘመን ሊያጥር እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም፤ እስከ 2029 ይዘልቃል ተብሎ የተጠበቀው የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ተቋርጧል።

2. የተፈተነ እትም

አዲስ የወጣ ሁሉ የተሻለ ደህንነት አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የርቀት መግቢያ ተገኝቷል። ችግሩ በዴቢያን የሙከራ እትሞች ላይ የደረሰ ሲሆን፣ የተረጋጋውን እትም ግን አልነካም። ስለሆነም ለአገልግሎት ሰጪ ሰርቨር የተረጋጋ እትም መምረጥ ተገቢ ነው።

3. የአስተዳዳሪው ዕውቀት

ባለሙያው በሚገባ የማያውቀው ሲስተም የቱንም ያህል ቢመሰገን በአግባቡ ሊጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ከላይ ያሉትን መስፈርቶች ከሚያሟሉት መካከል ባለሙያው የሚያውቀውን መምረጥ ይመረጣል።

4. ከተከላ በኋላ መፈጸም ያለባቸው ተግባራት

ሀ) በኤስኤስኤች የሚገቡ አስተዳዳሪዎች በይለፍ ቃል ምትክ የምስጢራዊ ቁልፍ ጥንድ እንዲጠቀሙ ማድረግ፤ ቁልፉ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ የይለፍ ቃል መግቢያውን መዝጋት፤

ለ) የሩት ተጠቃሚ በቀጥታ ከርቀት እንዳይገባ መከልከል፤

ሐ) ከሚያስፈልጉት በስተቀር ሌሎች ፖርቶችን በፋየርዎል መዝጋት፤ ይህ ከመደረጉ በፊት ግን አከራዩ የሚሰጠው የአደጋ ጊዜ ኮንሶል መሥራቱን ማረጋገጥ፤ አለበለዚያ ባለቤቱ ራሱ ውጭ ሊቀር ይችላል፤

መ) የደህንነት ማሻሻያዎች በራሳቸው እንዲጫኑ ማዘጋጀት፤

ሠ) የመጠባበቂያ ቅጂን በሌላ ቦታ ማስቀመጥና መልሶ መጫን መቻሉን በየጊዜው መሞከር።

የሰርቨር ኪራይ ውል የሚፈርሙ ተገልጋዮች የሚጫነው እትም ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን፣ ማሻሻያውን የሚጭነውን አካልና የመጠባበቂያ ቅጂው ኃላፊነት የማን እንደሆነ በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር መጠየቅ ይኖርባቸዋል።